የመልክ መጽሐፍ ታሪክ

ይህን የበዓል መጽሐፍ ስትገልጡ በየክፍሉ የተደረደረውን የተማሪዎች ፎቶግራፍና ስም ሳታዩ አታልፉም። በአሜሪካ ኮሌጆችም አዲስ ገቢ ተማሪዎች እርስ በርሳቸው ይተዋወቁ ዘንድ ይህን የመሰለ መዝገብ ማሳተም የቆየ ልማድ ነበረ፤ ስሙም «ፌስ ቡክ»፥ ማለት የመልክ መጽሐፍ ይባል ነበር። ዛሬ በየኪሳችን ይዘነው የምንዞረው ፌስቡክ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው።

አነሣሡ ግን ያለ ፈቃድ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2003 ማርክ ዙከርበርግ የተባለ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጓደኞቹን ፎቶግራፍ ከየማደሪያው መዝገብ በኮምፒዩተር ወስዶ፥ ሁለት ሁለቱን ጎን ለጎን እያቀረበ በመልክ የሚያወዳድር ገጽ ሠራ። ተማሪዎቹ ተቈጡ፤ ገጹ በጥቂት ቀን ውስጥ ተዘጋ፤ ወጣቱም በዩኒቨርሲቲው የሥነ ሥርዓት ጉባኤ ፊት ቀረበ። በ2004 ያቋቋመው ፌስቡክ ከዚህ የሚለየው ሰው ሁሉ ፎቶግራፉንና ታሪኩን በገዛ እጁ በማስገባቱ ነው። በ2006 ዕድሜው 13 ዓመት ለሞላው ሁሉ ተከፈተ።

ለአገልግሎቱ ገንዘብ አይጠየቅም ነበር። ኩባንያው የሚኖረው በማስታወቂያ ስለ ሆነ፥ ማን ምን እንደሚወድ ማወቁ ለእርሱ እንደ ነጋዴ ሸቀጥ ነው። በ2009 «ላይክ» የሚባለው ምልክት ወጣ፤ በ2010 ደግሞ በሌሎች ድርጅቶች ገጾች ላይ ተተከለ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ምልክቱን ባይጫኑትም እንኳ ምልክቱ ያለበትን ገጽ መክፈት ብቻ ለፌስቡክ ወሬ ያደርስ ነበር። ወደ ሱቅ ገብቶ ምንም ሳይገዛ የወጣውን ሰው ስም የሚጽፍ ዘበኛ በየደጁ እንደ ማቆም ይቈጠራል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የጓደኛ ነገር ነው። በ2013 እና በ2014 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረ አሌክሳንደር ኮጋን የሰውን ጠባይ የሚመረምር የጥያቄ አፕ በፌስቡክ ላይ አወጣ። አፑን የተቀበሉት ሰዎች 270,000 ያህል ነበሩ። በዚያን ጊዜ የፌስቡክ ደንብ አንድ ሰው ሲፈቅድ የወዳጆቹም መረጃ አብሮ እንዲወሰድ ይፈቅድ ስለ ነበረ፥ መረጃቸው የተወሰደባቸው ሰዎች እስከ 87 ሚሊዮን ይደርሳሉ ተባለ። መረጃውም ለምርጫ ዘመቻ ምክር ለሚሸጥ ካምብሪጅ አናሊቲካ ለተባለ ኩባንያ ተላለፈ።

በመጋቢት 2010 ዓ.ም. የኩባንያው የቀድሞ ሠራተኛ ክሪስቶፈር ዋይሊ ለጋዜጦች ገለጠው። ዙከርበርግ በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቆሞ ተጠየቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ፌስቡክ 5 ቢሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተወሰነበት። በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቶአል፤ ሰውን ስለ ራሱ መረጃ ፈቃድ መጠየቅ እንግዲህ የሕግ ነገር ሆኖአል።

ገንዘቡ የተከፈለው ለአሜሪካ መንግሥት ነው። ለተጠቃሚዎቹ ግን በ2018 አጭር ማስታወቂያ በየገጻቸው ደረሳቸው። ብዙዎቹ ያነበቡት ቃል፥ እርስዎ አፑን አልከፈቱም፥ ከወዳጆችዎ አንዱ ግን ከፍቶታል የሚል ነበር፤ የትኛው ወዳጅ እንደ ሆነ ግን አይናገርም።