ቴሌታይፕ ሞዴል 33 እና የመስመር መጨረሻ

ስክሪን ከመለመዱ በፊት ኮምፒውተር የሚመልሰው በወረቀት ነበር። በአሜሪካው ቴሌታይፕ ኮርፖሬሽን የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው ሞዴል 33 በዚያ ዘመን በስፋት ከተሠራጩት አታሚ ተርሚናሎች አንዱ ነው። ዛሬ የሶፍትዌር ደንብ ብለን ከምንቀበላቸው ነገሮች የተወሰኑት የዚህ ማሽን ሞተርና ብረት ያስገደዷቸው ናቸው።

ማሽኑ በሰከንድ ከ10 ፊደል በላይ አያትምም፤ በአንድ መስመር 72 ፊደል ይይዛል። ፊደላቱ በአንዲት ሲሊንደር ዙሪያ ተቀርጸዋል፤ ሲሊንደሯ እየዞረች፣ ከፍ ዝቅም እያለች ተፈላጊውን ፊደል ወደ ወረቀቱ ታቀርባለች፤ ከኋላዋ መዶሻ ይመታታል። የላቲን ትንሹን ፊደል አያውቅም፤ በግዕዝ ፊደል ያደገ አንባቢ ግን ይህን እንደ ጉድለት ላይቆጥረው ይችላል።

ዋናው ጉዳይ ያለው መስመር ሲያልቅ ነው። የማተሚያው ራስ ከቀኝ ጠርዝ ወደ ግራ ለመመለስ አንድ ፊደል ከሚታተምበት ጊዜ የበለጠ ይፈልጋል። ቀጣዩ ፊደል ወዲያው ከተላከ ራሱ ገና በመንገድ ላይ ሳለ ወረቀቱ መሀል ላይ ያርፋል። ስለዚህ መጀመሪያ «ወደ ግራ ተመለስ»፣ ቀጥሎ «ወረቀቱን አንድ መስመር ግፋ» የሚሉ ሁለት ትእዛዛት ይላካሉ፤ ሁለተኛው ሲፈጸም የመጀመሪያው እስኪያልቅ ጊዜ ይገዛል።

ፊደላትን በቀዳዳ የሚመዘግብ የወረቀት ጥብጣብ መብሻ የነበረው የሞዴል 33 ዓይነት ሌላም ቅርስ ትቷል። የተበሳ ቀዳዳ አይደፈንም፤ ስሕተት የሠራ ሰው ጥብጣቡን አንድ እርምጃ መልሶ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ይበሳቸዋል፤ ያ «ተሰርዟል» ማለት ነው። አስኪ በተባለው የፊደላት ኮድ ሰንጠረዥ የመሰረዣው ቁጥር 127፣ ማለትም ሰባት አንዶች መሆኑ ከዚህ የመጣ ነው።

ዩኒክስ የተባለው ስርዓተ ክወና ትእዛዛት ማጠርም ብዙ ጊዜ በእንዲህ ያሉ ማሽኖች ቀርፋፋነት ይገለጻል። በእኔ ግምት ግን የጣት ድካሙም ያንኑ ያህል ሳይመዝን አይቀርም፤ ቁልፎቹ ጠንካራ ነበሩና።

እ.ኤ.አ. በ1974 «ዲጂታል» የተባለው ኩባንያ አታሚ ተርሚናል፣ ዴክራይተር ኤልኤ36፣ መጣ። በመደበኛው በሰከንድ 30 ፊደል ያትማል፤ ራሱ በሚመለስበት ጊዜ የደረሱትን ፊደላት በማኅደር ያቆይና በሰከንድ 60 እያተመ ይደርስባቸዋል። ጊዜ መግዛት አላስፈለገም። ዩኒክስ በፋይሎቹ ከሁለቱ የመስመር መጨረሻ ትእዛዛት አንዱን ብቻ ያዘ፤ ዶስና ዊንዶውስ ሁለቱንም ያዙ። ኢሜይል ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ሲተላለፍም እያንዳንዱ መስመር ዛሬም የሚዘጋው በነዚያው በሁለቱ ነው።