ቫርኒሽ

በየእንጨት ሥራ ቤቱ ለእንጨት የሚቀባ ግልጽ ቅብ ሁሉ «ቫርኒሽ» ይባላል። በጠበበ ፍቺው ግን ቫርኒሽ ሙጫ ከሚደርቅ ዘይት ጋር ተዋሕዶ የሚሠራ፣ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ የሚጠነክር ቅብ ነው። ቀለም የዋንዛውን መልክ ይሸፍናል፤ ቫርኒሽ ያወጣዋል።

ሼላክ ሌላ ነው። ላክ የተባሉ ነፍሳት የሚያመነጩት ሙጫ በአልኮል ሟሙቶ ይዘጋጃል። ለሥዕል ፍሬም እጅግ ያምራል፤ ለረከቦት ግን አይሆንም። ትኩስ ነገር ነጭ ምልክት ይተውበታል፣ የፈሰሰ አረቄም ያሟሟዋል። ለረከቦትና ለምግብ ጠረጴዛ ሙቀትና ውኃን በተሻለ የሚችለው ፖሊዩሬቴን ቫርኒሽ ነው።

«ማት» እና «ግሎስ» የነጸብራቅ መጠን እንጂ የጥራት ደረጃ አይደሉም። ማት የሚደበዝዘው ደቃቅ ሲሊካ ስለሚጨመርበት ነው፤ ዱቄቱ ከቆርቆሮው ሥር ስለሚዘቅጥ በደንብ ሳይማሰል ከተቀባ ጠረጴዛው ግማሹ ያብረቀርቃል፣ ግማሹ ይፈዛል። በዚህ ጥፋት ስንት ጥሩ እንጨት ሲበላሽ ማየት ያሳዝናል! ግሎስ ደግሞ የብርጭቆ ወረቀት የተወውን ጭረት ሁሉ ያጋልጣል።

ስለዚህ ዕቃ ሲያሠሩ «ቫርኒሽ ይቀባልኝ» ብቻ ብለው አይለፉ፤ ምን እንደሚቀመጥበትና ፀሐይ የሚያገኘው እንደሆነ ለባለሙያው ይንገሩት።