ጦርነት ያፈረሳቸው የቤልጂክ ከተሞች

የቤልጂክን ከተሞች የሚጐበኝ ሰው በጥንታዊነታቸው ይደነቃል። ነገር ግን ከሚያያቸው ሕንፃዎች ብዙዎቹ በጦርነት ፈርሰው እንደገና የተሠሩ ናቸው። ለዚህም ሁለት ምሳሌ እንመልከት፤ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በ1695 የፈረንሳዩ ማርሻል ቪልሯ ብሩክሴልን በመድፍ ደበደበ። በታላቁ አደባባይ ዙሪያ የነበሩት ቤቶች ተቃጠሉ፤ የሙያ ማኅበሮችም በጥቂት ዓመታት ውስጥ በድንጋይ አሳምረው ሠሯቸው። ስለዚህ ዛሬ የሚደነቀው የአደባባዩ ውበት በአብዛኛው ከዚያ እሳት በኋላ የመጣ ነው።

የኢፕር ታሪክ ግን ከዚህ ይለያል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መሠራት የጀመረው የጨርቅ ነጋዴዎች አዳራሽ ከ1914 እስከ 1918 በተደረገው ጦርነት ፍርስራሽ ሆነ። በ1919 ዊንስተን ቸርችል ፍርስራሹ እንዳለ ለሞቱት ወታደሮች መታሰቢያ ሆኖ እንዲቀር አሳሰቡ። ተሰደው የነበሩት ነዋሪዎች ግን ተመልሰው ከተማቸውን በቀድሞው መልክ ሠሩ፤ የአዳራሹም ሥራ የተፈጸመው በ1967 ነው።

እዚህ ላይ የተጋጩት የሟቾች መታሰቢያና የነዋሪዎች ቤት ናቸው። በእኔ አስተያየት እውነቱ ከነዋሪዎቹ ጋር ነበረ፤ ከተማ አስቀድሞ የሚኖሩበት ነውና። መታሰቢያውም ቢሆን አልቀረም፤ በ1927 በተመረቀው በመኒን በር ላይ መቃብራቸው ያልታወቀ ከ54,000 የሚበልጡ የብሪታንያና የግዛቶቿ ወታደሮች ስም ተቀርጿል።

ሆኖም አዲሱ ግንብ የጥንቱን መልክ ስለ ያዘ ቍስሉን ይሸፍናል። ስለሆነም የታሪክ ተማሪ የሕንፃን መልክ አይቶ ዕድሜውን ከመፍረዱ በፊት መቼና በማን እንደ ተሠራ መጠየቅ ይገባዋል።