የቀላል ባቡር የተሳፋሪ ቁጥርና የሕዝብ መረጃ የማግኘት መብት፦ ከልደታ ጣቢያ አንጻር

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. በሰሜን–ደቡብ፣ በጥቅምት ወር ደግሞ በምሥራቅ–ምዕራብ መስመሩ ሥራ ሲጀምር፣ በየመድረኩ ይጠቀስ የነበረው አኃዝ እያንዳንዱ መስመር በአንድ አቅጣጫ በሰዓት 15,000 ሰው ማጓጓዝ ይችላል የሚለው ነው። ይህ የንድፍ አቅም፣ ማለትም ሁሉም እንደታቀደው ቢሄድ ሊጓጓዝ የሚችለው ሰው ብዛት ሲሆን፣ በእርግጥ ስንት ሰው ከየት ተሳፍሮ የት እንደወረደ ከሚገልጸው የተሳፋሪ ቁጥር ፈጽሞ የተለየ ነው።

ልዩነቱ በልደታ ጣቢያ ጎልቶ ይታያል። ሁለቱ መስመሮች ከመስቀል አደባባይ አካባቢ እስከ ልደታ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል አንድ ሐዲድ ተጋርተው ከመጡ በኋላ፣ አንደኛው በኮካ ኮላ በኩል ወደ ጦር ኃይሎች፣ ሌላው በዳርማርና በአብነት በኩል ወደ ምኒልክ አደባባይ ያመራል። የወረቀት ትኬቱ ዋጋ በርቀት የተወሰነ፣ ሲጀመርም 2፣ 4 እና 6 ብር ስለነበር፣ ከልደታ ወደ ጦር ኃይሎችና በምኒልክ አደባባይ መስመር ሰባተኛ ወደሚባለው ጣቢያ የሚሄዱ ሁለት ሰዎች እኩል ከፍለው በየፊናቸው ይሄዳሉ፤ ከሽያጩ የሚቀረው መዝገብ የተሰበሰበውን ገንዘብ እንጂ የተጓዡን አቅጣጫ አይናገርም። ወርሃዊ አማካይም ቢሆን ብዙ ይሸፍናል፤ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ ይልቁንም በግንቦት ልደታ፣ ወይም የልደታው ፍርድ ቤት ችሎት በሚሰየምባቸው ጠዋቶች ጣቢያው ምን ያህል እንደሚጨናነቅ የሚታወቀው በቀንና በሰዓት ተለይቶ ሲቆጠር ብቻ ነው።

እንዲህ ያለውን ቁጥር የመጠየቅ የሕግ መሠረቱ ጠንካራ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድልን ሲያረጋግጥ፣ አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት አካል ለቀረበለት የመረጃ ጥያቄ በመርህ ደረጃ በ30 ቀናት ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል፣ የአፈጻጸሙን ክትትልም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይሰጣል። ይሁን እንጂ መብቱ የሚሠራው በተቋሙ እጅ ባለ መረጃ ላይ በመሆኑ፣ ያልተቆጠረን ተሳፋሪ በማመልከቻ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ የግልጽነቱ ክርክር ከመዝገብ ቤቱ በፊት ከትኬት መሸጫው መጀመር ይኖርበታል።

በክልከላ ምክንያትነት ሊነሡ የሚችሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። የግል ሕይወት ጥበቃ የመጀመሪያው ሲሆን፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚጠብቀው ማንነቱ የሚለይን ሰው ስለሆነ በጣቢያና በሰዓት የተደመረ ቁጥርን አይነካም፤ የሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ባቡር ድርጅት ከየትኛው ጣቢያ ተነሥቶ የት የወረደ ስንት ሰው እንደሆነ በየሰዓቱ ከፋፍሎ ሲያወጣ የማንንም ስም አያነሣም። ሁለተኛው የንግድ ምስጢር ነው። መስመሩን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቻይና ኩባንያዎች በውል ስላንቀሳቀሱት፣ በውሉ የተገለጹ የዋጋና የአሠራር ዝርዝሮች ጥበቃ ሊያሻቸው ይችላል። የተሳፋሪው ብዛት ግን ከዚህ አይመደብም፤ ለግንባታው ከወጣው 475 ሚሊዮን ዶላር 85 በመቶው የመጣው ከቻይና ኤክስፖርት ኢምፖርት ባንክ በብድር ሲሆን፣ ዕዳው የመንግሥት ነውና ተፎካካሪ በሌለው ሐዲድ ላይ ምስጢሩ ከማን እንደሚጠበቅ ማስረዳት የከልካዩ ሸክም ነው።