የመርሳት በሽታ ቀዳሚ ምልክቶች

የመርሳት በሽታ ወይም ዲሜንሺያ የአንጎል ሕዋሳት ቀስ በቀስ እየተጎዱ ሲሄዱ ማስታወስ፣ ማመዛዘንና ራስን መምራት የሚደክምበት ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም 57 ሚሊዮን ሕሙማን እንደነበሩ ይገምታል። ከመካከላቸው ከ60 በመቶ የሚበልጡት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ይኖራሉ። በብዛት የሚታየው ዓይነት አልዛይመር ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ጊንጪ፣ እንደ ሌሎቹ የምዕራብ ሸዋ ከተሞች፣ በሽታውን ቀድሞ የሚያየው ገበያውና እድሩ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ጤፍ የሸጡ እናት የመልስ ሒሳብ ይምታታባቸዋል፤ መዋጮ የከፈሉ አባት በማግሥቱ ሊከፍሉ ይመጣሉ። የልጅነታቸውን ዘመን ግን አንድ ሳያስቀሩ ስለሚያወሩ ቤተሰቡ ይዘናጋል። አልዛይመር ቀድሞ የሚጎዳው አዲስ ነገር የሚመዘገብበትን የአንጎል ክፍል ስለሆነ የጥንቱ ትዝታ ለጊዜው ይቆያል።

ይበልጥ የሚያሳዝነው የጠባይ ለውጥ ነው። የአንጎልን የፊትና የጎን ክፍል በሚያጠቃው ዓይነት፣ ብዙ ጊዜ ከ65 ዓመት በፊት፣ ትውስታ ደህና ሆኖ ሳለ ይሉኝታ ይጠፋል። በጃርሱማ (በኦሮሞ የሽምግልና ሥርዓት) ሰው ሲያስታርቅ የኖረ አባወራ ለቅሶ ቤት ያልተገባ ቀልድ ይናገራል፣ ገንዘቡን ይበትናል፣ የሚስቱ ሕመም ምንም አይመስለውም። ጎረቤት ክፋት ወይም መጠጥ ነው ይላል። ሰውየው ግን ታሟል፣ ሊወቀስም አይገባም። በሌላ ዓይነት በእንቅልፍ ልብ መወራጨትና የሌለ ሰው ማየት ይቀድማሉ።

በኢትዮጵያ ገጠር የነርቭ ሕመሞችን ቤት ለቤት ከመረመሩት ቀዳሚ ጥናቶች አንዱ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት መሪነት ቡታጅራ አካባቢ የተካሄደው፣ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ያካተተው ሥራ ነው። በዚያ ጎልቶ የወጣው ግን የመርሳት በሽታ ሳይሆን የሚጥል በሽታ ነበር።

የመርሳት በሽታን ለመለየት የሚሰጠው ሰዓት የመሣል ፈተና ፊደል ላልቆጠረ ሰው በትክክል አይፈርድም። ሚዛን የሚደፋው አብሮ የሚኖር ሰው ምስክርነት ነው፤ አምና ብቻቸውን ይሠሩት የነበረውን ዘንድሮ ማን ይሠራላቸዋል? ድባቴ፣ የእንቅርት ዕጢ መድከም፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ቂጥኝ፣ ከወደቁ በኋላ በራስ ቅል ውስጥ የሚጠራቀም ደም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ፤ እነዚህ ይታከማሉ። ስለዚህ ለውጡን ያየ ቤተሰብ «እርጅና ነው» ብሎ አይተው፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይዟቸው ይሂድ፣ መቼና በየትኛው ሥራ ላይ እንደጀመረም ለሐኪሙ ይንገር።