የሸማኔው ከረጢት

ስሙኝማ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ሻንጣ ነው። ሻንጣው ቀይ ነው፤ ዚፑ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። በውስጡ አንድ ሽማግሌ ተጣጥፎ ዓመቱን ሙሉ ይተኛል። ታኅሣሥ ሲገባ ያ ሽማግሌ እኔ እሆናለሁ። ትልልቆቹ የገና አባት ይሉኛል። ልጆቹ ግን አብዛኞቹ አሳጥረው «አባባ» ነው የሚሉኝ፤ እኔም የምወደው ይሄኛውን ነው።

ሥራውን የጀመርኩት አዲስ አበባ ነው። ሆቴሎቹና የገበያ ማዕከሎቹ ፈረንጆች ገናቸውን ከሚያከብሩበት ከታኅሣሥ 16 አስቀድመው ዛፍ ያቆማሉ፣ መብራት ያንጠለጥላሉ፤ የኛው ገና ታኅሣሥ 29 እስኪያልፍም አያወርዱትም። በሁለቱ ገናዎች መካከል ያሉት 13 ቀናት ለኔ መኸር ናቸው። ጠዋት መዋዕለ ሕፃናት፣ ከሰዓት የሱፐርማርኬት በር፣ ማታ የአንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኛ ልጆች ግብዣ። በቀን ሦስት ጊዜ እለብሳለሁ፣ ሦስት ጊዜ አወልቃለሁ። የምለብሰውም አንድም ጊዜ መልበሻ ክፍል በሚባል ቦታ አይደለም። ዕቃ ግምጃ ቤት ነው፣ የወንዶች ሽንት ቤት ነው፣ ደረጃ ሥር ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ሻንጣውን እንደመጣልኝ ነበር የምጠቀጥቀው። ቦቲው ከላይ፣ ጺሙ ከታች። አንድ ማታ ልጆቹ አዳራሽ ውስጥ እየጠሩኝ እኔ ኮሪደር ላይ ተንበርክኬ ሻንጣ እበረብራለሁ። ጺሙን ሳገኘው ከቀበቶው ዘለበት ጋር ተጠላልፏል። እሱን እየፈታሁ ቀና ብል አንዲት ልጅ፣ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ቆማ ታየኛለች። ፊቴን አየች፤ እጄ ላይ ያለውን ጺም አየች፤ እንደገና ፊቴን አየች። አላለቀሰችም። ኋላ ተራዋ ደርሶ እናቷ ወደኔ ስትገፋት የእናቷን ቀሚስ ጨምድዳ ይዛ አልመጣም አለች። ስጦታዋን እናቷ ተቀበለችላት።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያቺ ልጅ ከቤቷ ይዛው የመጣችውን ነገር ኮሪደር ላይ አፈረስኩባት። ክፋት አልነበረብኝም። ስንፍናም አልነበረም። የሻንጣ አደራደር ነው ያፈረሰው።

በዚያው ሰሞን ለበዓሉ ወደ አገሬ ገባሁ። አገሬ ጨንቻ ነው። በሆሳዕናና በወላይታ ሶዶ አድርጋችሁ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ስትነዱ አርባ ምንጭ ትደርሳላችሁ፤ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ፣ ሸሚዝ ሰውነት ላይ የሚጣበቅበት ቆላ ነው። ከዚያ መኪናው 37 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ይጎተታል። ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነስታችሁ ከ2,700 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። ሙዙ ታች ይቀራል፤ እንሰትና ቀርከሃ ይተካል፤ ከዚያ ጉሙ መጥቶ መስኮቱን ያለብሰዋል። አርባ ምንጭ ያወለቀ ሰው ጨንቻ ላይ ጋቢ ይፈልጋል።

አባቴ ዶርዜ ናቸው፤ ሸማኔ። የዶርዜ ሸማኔ ደግሞ መንገድ ያውቃል። ከኛ ደጋ ወርዶ አዲስ አበባ ጉለሌና ሽሮ ሜዳ ያልሠራ ወንድ ያለበት ቤት ፈልጋችሁ አታጡም፤ ግን ትደክማላችሁ። አባቴም በጉብዝናቸው ዘመን ሄደው ሠርተዋል። ያኔ ይዘውት የሄዱት ከረጢት ዛሬም ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በውስጡ መወርወሪያው፣ ቀሰሞቹ፣ ማበጠሪያው፣ የተጠቀለለ ድር ይገባ ነበር፤ ስንቅ ደግሞ ቆጮና ትንሽ ዳጣ። «ጉድጓድና ምሰሶ የትም አገር ታገኛለህ፤ መወርወሪያህን ግን የሚያውስህ የለም» ይላሉ ስለዚያ ከረጢት ሲያወሩ።

ማታ ምድጃ ዳር ተቀምጠን የልጅቷን ነገር ነገርኳቸው። አልሳቁም። ምንጣፍ አነጠፉና፣

«ልበስ» አሉኝ።

«እዚህ አባዬ?»

«እዚህ። ልየው።»

ለበስኩ። ከስስ ከናቴራው ጀምሬ፣ ሆድ የሚሆነውን ትራስ አስሬ፣ ሱሪውን፣ ቦቲውን፣ ኮቱን፣ ቀበቶውን፣ ጺሙን፣ ዊጉን፣ መነጽሩን፣ ኮፍያውን፣ በመጨረሻ ነጩን ጓንት። አባቴ በእሳቱ ብርሃን ከእግር እስከ ራሴ ካዩኝ በኋላ «አሁን አውልቅ» አሉ። ሳወልቅ እያንዳንዱን ከእጄ እየተቀበሉ ምንጣፉ ላይ በተርታ ደረደሩት። ጓንቱ ከዚህ ዳር፣ ከናቴራው ከዚያኛው ዳር። ባዶውን ሻንጣ ወደኔ ገፉት።

«እንዳወለቅኸው ክተተው። ነገ እንደምትለብሰው ሆኖ ይወጣልሃል።»

ይኸው ነው። መጀመሪያ የወለቀው ጓንት ታች ይገባል፤ መጨረሻ የወለቀው ከናቴራ ከሁሉ በላይ ይቀመጣል። በማግስቱ ሻንጣውን ስትከፍተው እጅህ የሚያገኘው መጀመሪያ የምትለብሰውን ነው። ዓይንህን ጨፍነህ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ልጆቹ ከግድግዳው ማዶ እየጮሁ ብትለብስ አትሳሳትም። እኔ መብራት ጠፍቶብኝ ለብሻለሁ፤ አልተሳሳትኩም።

ሦስት ነገር ግን ከሰልፉ ወጣ። «ክርና ብረት አብረው አይተኙም» አሉና አባቴ ቀበቶውን ለብቻው በጨርቅ ጠቀለሉት። ቦቲውም እንደዚያው፤ እያንዳንዱ እግር የራሱ ከረጢት አለው፣ ከሻንጣው ጎማ በኩል ይቆማል፣ ካልሲውም በሆዱ ውስጥ ይገባል። ጺሙን እናቴ ተቀበለችኝ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጥጥ የፈተለች ሴት ናት፤ ጸጉሩን እንደ ባዘቶ በጣቷ ፈልፈል እያደረገች ዳሰሰችውና «ይሄ ከተጨፈለቀ አይመለስም» አለች። የካርቶን ሳጥን አመጣች፤ አሮጌ ጋዜጣ ጠቅልላ የሰው አገጭ የሚያህል ኳስ ሠራችና ጺሙን አልብሳ በመርፌ ቁልፍ ያዘችው። ከዚያ ወዲህ ጺሜ በራሱ ቤት ነው የሚጓዘው። የሚበጠረው ከጫፉ ጀምሮ ወደ ላይ ነው፣ ጥርሱ በሰፋ ማበጠሪያ። ውጭ አገር ያሉት ባለሙያዎች ያክ ከሚባለው የቲቤት ከብት ጸጉር የተሠራ ያደርጋሉ፤ የኔው ናይለን ነው፤ በአግባቡ ከያዙት ግን ናይለንም ያገለግላል። ከጥጥ የተሠራ ሞክሬ ነበር። የጨንቻ ጉም በአንድ ሰዓት ውስጥ ጠጥቶት ደረቴ ላይ ወደቀ።

የሻንጣውን የጎን ኪስ አያያዝ ያስተማረኝ ደግሞ መንገዱ ነው። የጺም ማጣበቂያውን አርባ ምንጭ ላይ ከፍቼ ጥቂት ተጠቅሜ ዘጋሁት። ጨንቻ ደርሼ ክዳኑን ብነካው ፍስስ ብሎ ተነፈሰና ግማሹ እጄ ላይ ፈሰሰ። ቆላ ላይ የተዘጋው አየር ደጋ ላይ ቦታ ይጠበዋል፤ ጠርሙሱን ሞልቶ መዝጋት አይገባም፣ በሁለት ፌስታል ጠቅልሎ አቁሞ ማስቀመጥ ነው። አሁን እዚያው ኪስ ውስጥ ከማስለቀቂያው ጋር ጎን ለጎን ይቆማሉ። ከነሱ ጋር ትንሽ መስታወት፣ የእጅ ባትሪ፣ ሶፍት፣ ቀይ ክርና ነጭ ክር የገቡባቸው ሁለት መርፌዎች አሉ። መርፌዎቹ ቀድመው ክር ገብቶባቸዋል፤ ልጆች እየጠበቁ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት የሚሞክር ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል። ነጭ ጓንት ሦስት ጥንድ እይዛለሁ፣ ለያንዳንዱ አዳራሽ አንድ፤ ከረሜላ የያዘ የልጅ እጅ ምን እንደሚያደርግ ወላጅ የሆነ ያውቃል። ቃጭሏን ካልሲ ውስጥ ነው የምከታት። ሰዓቷ ሳይደርስ ደረጃ ላይ ብታቃጭል ልጆቹ የሚጠብቁት ነገር ከበሩ በፊት አለቀ።

እርጥቡንና ደረቁንም ለያይቼ ነው የምይዘው። ቀይ ልብስ ሲርስ ቀለሙን ይለቃል፤ ጠርዙ ላይ ያለው ነጭ ጸጉር አንድ ጊዜ ሮዝ ከሆነ አይነጻም። ስለዚህ ባዶ ፌስታል ሁልጊዜ አለኝ፣ እርጥብ ወደ ቤት የሚመለስበት።

ሽማግሌው ራሱ ብዙ የተጓዘ ሰው ነው። ሥሩ የሚመዘዘው በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዛሬዋ ቱርክ ውስጥ የሜራ ጳጳስ ከነበረው ከቅዱስ ኒቆላዎስ ነው፤ የኛም ስንክሳር ታኅሣሥ 10 ያስበዋል። ሆላንዶች ሲንተርክላስ ብለው ወደ አሜሪካ ይዘውት ተሻገሩ። እ.ኤ.አ. ከ1863 ጀምሮ ቶማስ ናስት የተባለ ሰዓሊ በመጽሔት ላይ እየሣለ አወፈረው፤ እ.ኤ.አ. በ1931 ሃደን ሰንድብሎም ለኮካ ኮላ ማስታወቂያ የሣለው ፈገግተኛ ፊት በዓለም ዞረ። ሥራው ትምህርት ቤት እንኳ አለው። እ.ኤ.አ. በ1937 ቻርለስ ሃዋርድ የተባለ ሰው በኒው ዮርክ ግዛት አልቢዮን ላይ የገና አባቶች ማሠልጠኛ ከፈተ፤ ማሠልጠኛው ዛሬም በሚሺጋን ሚድላንድ ያስተምራል።

እኔ ግን ልጅ ፊት መቀመጥን የተማርኩት ከጎረቤት ቴሌቪዥን፣ ከአባባ ተስፋዬ ሣህሉ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ያወጉት እኚህ ሰው በ2009 ዓ.ም. አረፉ። ከቴሌቪዥኑ በፊት የመድረክ ሰው ነበሩ፤ ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ዘመን ሴት ሆነው ተጫውተዋል። ልብስ ለብሶ ሌላ ሰው መሆን ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ያውቁ ነበር ብዬ አስባለሁ። በዚህ አገር ልጅ «አባባ» ብሎ ሲጠራኝ በሳቸው ወንበር ላይ የተቀመጥኩ ያህል ይሰማኛል።

አባቴ ካስተማሩኝ በኋላ በገና ዋዜማ ሻንጣዬን ይዤ በአንድ ግቢ የተሰበሰቡ የሰፈራችን ልጆች ዘንድ ሄድኩ። ቅር ያለኝ ነገር ነበር፤ ጨንቻ የራሷ ባለማዕረግ አላት። ሀላቃ ሲሾም ራሱ ላይ ቅቤ ተደርጎ፣ የሰጎን ላባ ተሰክቶለት ገበያውን ይዞራል። ለክብር እንዴት እንደሚለበስ በሚያውቅ አገር ቀይ ኮት ለብሼ ምን ልሆን ነው ብዬ አሰብኩ። በሩ ላይ አባቴ አስቆሙኝና የራሳቸውን ሥራ ጋቢ ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ። ጠርዙ ላይ ዱንጉዛ የምንለው ጥለታችን ተሸምኗል፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር። «ብርድ ነው» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። ለልጆቹ ደብተርና እርሳስ ሰጠሁ። አንዲት ሴት ልጅ ጺሜን አልፋ የጋቢውን ጠርዝ በሁለት ጣቷ ይዛ አገላብጣ ስታይ አየሁ፤ የሸማኔ ልጅ መሆኗን ሳልጠይቅ አወቅሁ። ጋቢው ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኮቱ በላይ ይለበሳል። ስለዚህ ሻንጣው ውስጥም ከኮቱ በፊት ነው የሚገባው።

በዓሉ ሲያልፍ ሻንጣውን አባቴ ቤት ትቼ ተመለስኩ። የዶርዜ ቤት ታውቃላችሁ፣ ከቀርከሃ የተሸመነ፣ እንደ ዝሆን ከፍ ብሎ አፍንጫውን ወደፊት የዘረጋ። ጭስ ማውጫ የለውም። ጭሱ በሽመናው ውስጥ እየሰረገ ይወጣል፤ ቀርከሃውን ያደርቀዋል፣ ከነፍሳት ይጠብቀዋል፤ ሥሩን ምስጥ ሲበላው ደግሞ ቤቱ በየዓመቱ ጥቂት ዝቅ ይላል። አባቴ ሻንጣውን ከአሮጌው ከረጢት ጎን ሰቀሉት። አሥራ አንድ ወር ያህል ጭሱ ውስጥ ኖረ።

በቀጣዩ ታኅሣሥ አዲስ አበባ ላይ ስከፍተው ጠረኑ ክፍሉን ሞላው። ሁለት ቀን ሰገነት ላይ አሰጣሁት፤ አልለቀቀም። ለብሼ ገባሁ፣ ምን ላድርግ። አንድ ልጅ ጭኔ ላይ እንደተቀመጠ አንገቱን ወደ ኮቴ አስጠግቶ አሸተተ።

«አባባ፣ ጭስ ጭስ ይላሉ።»

እናቱ ደንግጣ «አንተ!» አለችው። እኔም ኮሪደሩ ላይ የቆመችው ልጅ ትዝ ብላኝ ዝም አልኩ። ልጁ ግን ወደ ታላቅ እህቱ ዞረ፤ ፊቱ በርቷል።

«አላልኩሽም? በጭስ ማውጫ ነው የገቡት!»

እህቱ መጣች፣ አሸተተች፣ ራሷን ነቀነቀች። ሌሎቹም ተራ በተራ መጡ።

ያን ማታ ደረጃ ሥር ሆኜ ሳወልቅ ልብሱን ሳላራግፍ ከተትኩት። መጀመሪያ ጓንቱን።