የዩኒቨርሲቲ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ፦ ከለንደን ምን መማር ይቻላል?

ቀዳሚ ነው የሚባለው ባለ ብዙ ፎቅ የመኪና ማቆሚያ እአአ በ1901 በማዕከላዊ ለንደን፣ ዴንማን ጎዳና ላይ ተከፈተ። ሰባት ፎቅ የነበረው ይህ ሕንፃ 100 ተሽከርካሪዎችን ያስተናግድ ነበር። ባለቤቱ የኤሌክትሪክ መኪና ነጋዴ ኩባንያ ነበር። ዛሬ የኤሌክትሪክ መኪና የእነዚህን ሕንፃዎች ንድፍ ዳግም እየለወጠ ነው።

ማቆሚያው ያስፈልጋል?

ዩኒቨርሲቲ ንድፍ ከማሠራቱ በፊት ይህን መመለስ ይኖርበታል። እአአ በ2021 የወጣው የለንደን ፕላን የሕዝብ ትራንስፖርት በሚገባ በተዳረሰበት ስፍራ አዲስ ግንባታ ያለ መኪና ማቆሚያ መታቀድን መነሻው እንዲያደርግ ይጠይቃል። ሆኖም የአካል ጉዳተኞች ቦታ ሊቀር አይገባም። ሌሊት የሚሠሩ የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞችም አማራጫቸው ጠባብ ነው። ስለዚህ የቦታው ቁጥር የሚወሰነው በእርግጥ መኪና የግድ የሚላቸው ሰዎች ተለይተው ሲታወቁ ነው።

አየር፣ ኃይልና እሳት

ሲሚንቶና ብረት ሲመረቱ ብዙ ካርቦን ስለሚለቀቅ፣ አነስተኛ ሕንፃ መሥራት ቀዳሚው ቁጠባ ነው። ግድግዳው ክፍት ከሆነ የጭስ ማውጫ ማራገቢያ ላያስፈልግ ይችላል፤ የእንግሊዝ መመሪያ በየፎቁ የሚተወው ክፍተት ቢያንስ የወለሉን ስፋት 5 በመቶ እንዲሆን ይላል።

ከሰኔ 2022 ወዲህ በእንግሊዝ ከ10 በላይ መኪና የሚያቆም አዲስ የመኖሪያ ያልሆነ ሕንፃ ቢያንስ አንድ የኤሌክትሪክ መሙያ ሊኖረው፣ ከቀሪዎቹ ቦታዎች ለአንድ አምስተኛውም የገመድ መስመር ሊዘረጋ ይገባል።

በሊቨርፑል በ2017፣ በሉተን አየር ማረፊያ ደግሞ በ2023 የተነሱ እሳቶች እያንዳንዳቸው ከአንድ ሺህ በላይ መኪናዎችን አውድመዋል። ሁለቱም ሕንፃዎች በራሱ ጊዜ ውሃ የሚረጭ የእሳት ማጥፊያ አልነበራቸውም፤ በኋላም ፈርሰዋል። መቀመጫውን ለንደን ያደረገው የስትራክቸራል መሐንዲሶች ተቋም በ2023 ባወጣው መመሪያ የመኪናዎች ክብደት መጨመርንና የእሳት አደጋን ከግምት አስገብቷል።

ነገ ምን ይሆናል?

በደቡብ ለንደን ፔክሃም የሚገኝ የቀድሞ ማቆሚያ ከ2017 ጀምሮ የአርቲስቶች ስቱዲዮና የምግብ ቤቶች መናኸሪያ ሆኗል። ወለሉ ተዳፋት ያልሆነና ጣሪያው ከፍ ያለ ማቆሚያ፣ የመኪና ቁጥር ሲቀንስ ሳይፈርስ ወደ ቤተ ሙከራ ወይም ወደ ማጥኛ ክፍል ሊለወጥ ይችላል። ይህ ዕድል የሚገኘው ግን ገና በንድፍ ወረቀት ላይ ሲታሰብበት ነው።